ከበር ወደ በር የሚዞረው ሰሌዳ፦ ስለ ጦርነቱ ዘመን ጃፓን ጥያቄና መልስ

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ስለነበሩት የጃፓን የጉርብትና ቡድኖችና ስለ ፖሊሷ፣ አሜሪካኖችም ስለ እነዚህ ስለሠሩት የስለላ ግምገማ ለጠየቃችሁኝ መልሴ ይኸው። ዓመቶቹም ወሮቹና ቀኖቹም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ቶናሪጉሚ የሚባለው የፖሊስ ክፍል ነበር?

መልስ፦ አልነበረም፤ የተራ ጎረቤቶች ስብስብ ነው። የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር በመስከረም 1940 ባወጣው ትእዛዝ ከተማውም ገጠሩም አሥር ያህል ቤተሰቦችን በያዙ ቡድኖች ተደራጀ። ካይራንባን የሚባለውን ሰሌዳ ልብ በሉልኝ። የመንግሥት ማስታወቂያ ተያይዞበት ከበር ወደ በር ይዞራል። የቤቱ እመቤት ታነባለች፣ ማኅተሟን ታሳርፋለች፣ ለቀጣዩ ቤት ታደርሳለች። ከዚያ ወዲያ «አልሰማሁም» ማለት የለም።

ጥያቄ፦ አሜሪካኖቹ ጦርነቱ ሳያልቅ ይህን ከየት አወቁት?

መልስ፦ ከጃፓን ጋዜጦችና ሬዲዮ፣ ከምርኮኞች ቃል፣ በጦር ሜዳ ከተያዙ ሰነዶች። በ1942 እና በ1943 በእስረኞች ልውውጥ ግሪፕስሆልም በተባለችው መርከብ የተመለሱ ዲፕሎማቶችና ሚስዮናውያንም ነበሩ፤ በጃፓን የአሜሪካ አምባሳደር የነበሩት ጆሴፍ ግሩ ከእነዚህ አንዱ ናቸው።

ጥያቄ፦ ግምገማቸው ትክክል ነበር ይላሉ?

መልስ፦ አደረጃጀቱን በደንብ ተረድተውታል። የሰውን ልብ ግን ብዙዎቹ ሳቱት፤ ጃፓናዊ ሁሉ እንደ አንድ ሰው ያስባል ብለው ደመደሙ። የሥነ አእምሮ ሐኪሙ አሌክሳንደር ሌይተንና የሰው ልጅ ባህል አጥኚዋ ሩት ቤኔዲክት የሠሩበት የአሜሪካ መንግሥት የሞራል ጥናት ክፍል ግን ከምርኮኞች ቃል ተነሥቶ የሕዝቡ ሞራል እየተሸረሸረ መሆኑን ጽፎ ነበር። ሰሚ አላገኘም እንጂ! ቶኮ የተባለው የጃፓን የሐሳብ ፖሊስ ራሱ በየመጸዳጃ ቤቱ ግድግዳ የተጻፈውን ተቃውሞና በየሰፈሩ የሚወራውን ወሬ በጭንቀት እየመዘገበ ያስቀምጥ ነበር።

ጥያቄ፦ ታዲያ ሕዝቡን ጸጥ ያሰኘው ፍርሃት ነው?

መልስ፦ ፍርሃትማ ነበር፤ የሥርዓቱን ተቃዋሚዎች የሚቀጣው የ1925ቱ የጸጥታ ማስጠበቂያ ሕግ ቀልድ አያውቅም። እኔ ግን ይበልጥ ያሰረው ሆድ ነው እላለሁ። ከሚያዝያ 1941 ጀምሮ በትልልቅ ከተሞች የአንድ አዋቂ የቀን ሩዝ 330 ግራም ያህል ነበር። ብዙው የራሽን ክፍፍል በቡድኑ በኩል ሲሆን፣ ከጎረቤት የተጣላች እናት ምን ይዛ ወደ ልጆቿ ትመለሳለች?

ጥያቄ፦ በመጋቢት 10 ቀን 1945 ቶኪዮ በአሜሪካ የአየር ድብደባ ስትቃጠል ሰዉ ለምን ቀድሞ አልሸሸም?

መልስ፦ ይህን ባነሣሁ ቁጥር ያመኛል። በ1941 የተሻሻለው የአየር መከላከያ ሕግ ነዋሪው ከተማውን ጥሎ እንዳይሄድ መከልከልን ፈቀደ፤ ቅጣቱ እስከ ስድስት ወር እስራት ወይም እስከ 500 የን ነበር። እሳት ማጥፋትም ግዴታ ሆነ። ሴቶችና ሽማግሌዎች ተሰልፈው ባልዲ ሲቀባበሉ፣ በእርጥብ ጨርቅ እሳት ሲመቱ ለዓመታት ተለማምደዋል። ያ ሌሊት ያወረደው እሳት በባልዲ የሚጠፋ አልነበረም። የሞቱት 100,000 ያህል እንደሚሆኑ ይገመታል። ከእነዚህ ውስጥ ጎረቤቴ ምን ይለኛል ብለው ቆመው የቀሩ እንደነበሩ አልጠራጠርም፤ ይህን የትኛውም የስለላ ዘገባ ሊቆጥረው አይችልም።

ጥያቄ፦ ይህ ሁሉ አደረጃጀት መቼ ፈረሰ?

መልስ፦ ጦርነቱ ሲያበቃ ወዲያው አልፈረሰም፤ የፖለቲካ እስረኛ የነበረው ፈላስፋ ሚኪ ኪዮሺ ጦርነቱ ካበቃ ከወር በላይ ቆይቶ፣ በመስከረም 1945፣ እስር ቤት ውስጥ ሞተ። ጥቅምት 4 ቀን ቶኮ እንዲፈርስና የፖለቲካ እስረኞች እንዲፈቱ አሜሪካኖቹ አዘዙ። የጉርብትና ቡድኖቹን ግን እስከ 1947 አቆዩአቸው፤ ራሽኑን የሚያከፋፍል ሌላ አልነበረማ።