ሲምፕሰንስ ለዛው ጠፋ፤ ልጄ ግን ይስቃል

ደብዳቤው

ሰላም እህቴ፣

አምድሽን ሁሌ አነባለሁ፣ ጽፌ ግን አላውቅም። ሰው የትዳርና የገንዘብ ጭንቀቱን ይዞ በሚመጣበት ቦታ ስለ ካርቱን መጻፍ ከብዶኝ ቆየሁ። አሁን ግን ትዕግስቴ አለቀ።

ሲምፕሰንስ ቀልዱ አልቋል። ዝም ብዬ የማማርር ሰው ሆኜ አይደለም፣ ያደግኩበት ነው። አሜሪካ የገባሁት በ1995 ነው (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። 13 ዓመቴ ነበር። እንግሊዝኛውን ግማሹን ከክፍል፣ ግማሹን ከካርቱኑ አባት ከሆመርና ከልጁ ከባርት ነው የተማርኩት። እሁድ ማታ አዲሱ ክፍል ይወጣል፣ በሥራ ቀን ደግሞ ማታ ማታ የድሮዎቹ ይደገማሉ። እኔና ታናሽ ወንድሜ አንድም አያመልጠንም ነበር። አባቴ ከፓርኪንግ ሥራው ሲመለስ ጫማውን ሳያወልቅ አጠገባችን ቁጭ ይልና "ምን አለ? ምን አለ?" እያለ ይነዘንዘናል። እኛ እንተረጉምለታለን፣ እሱ ዘግይቶ ይስቃል።

ያኔ ቀልድ ነበረ። ልጁ ሊሳ ጥርሷን ብረት ማሰር ሲያስፈልጋት ሆመር የሠራተኛ ማህበር መሪ ሆኖ አለቃውን ሚስተር በርንስን የሚጋፈጥበት ክፍል ትዝ ይልሻል? ከተማው እጁ ላይ የገባውን ገንዘብ ለአንድ አጭበርባሪ ሰጥቶ የማይረባ ሞኖሬል (በአንድ ሐዲድ ላይ የሚሄድ ባቡር) የሚገዛበትስ? ሁለቱም የ1993 ናቸው። ሦስት ጊዜ ብታዪው በሦስተኛው ያላስተዋልሽው ቀልድ ይወጣል። ሆመር ጅል ነበር፣ ግን ቤተሰቡን የሚወድ ጅል ነበር። በኋላ ዝም ብሎ የሚጮህ ሰው አደረጉት። በ1997 ደግሞ የባርትን ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ስኪነርን ለስንት ዓመት ካየነው በኋላ "እሱ እኮ ስኪነር አይደለም፣ የሌላ ሰው ስም ይዞ የኖረ ነው" አሉን። ዞረው በዛው ክፍል መጨረሻ ላይ ነገሩ እንዳልተፈጠረ ሆኖ ይቀጥል ተባለ። ልቤ የተሰበረው እዛ ላይ ነው። የአሁኑማ ግማሹ ቀልድ ስለ ጌምና ኢንተርኔት ላይ ስለሚታወቁ ሰዎች ነው። ማን እንደሆኑ እንኳ አላውቅም። ይሄ ቀልድ ነው?

ልጄ 10 ዓመቱ ነው። አዲሶቹን እያየ በሳቅ ይፈርሳል። እኔ ሪሞቱን እቀበልና "ና እውነተኛውን ላሳይህ" ብዬ የድሮውን እከፍትለታለሁ። የማይገባው ቦታ ላይ እያቆምኩ አስረዳዋለሁ፣ እሱ ስልኩን ያያል። አንድ ቀን የሆመር እናት የምትመጣበትን ክፍል አሳየሁት። ለ27 ዓመት ያላያት እናቱ ተመልሳ መጥታ እንደገና ትሄዳለች፣ እሱ መኪናው ላይ ተቀምጦ ኮከብ እያየ ያልቃል። እኛ ያን ማታ ስናየው አባቴ "እናቱ ናት የሄደችው?" ብሎ ብቻ ጠይቆን ጋቢውን ተከናንቦ ዝም ብሎ ነበር። እናቱን ጎንደር ትቶ የመጣ ሰው ነው። አሁን ካረፈ 6 ዓመት ሆነው። ልጄ ግን "ይሄ እኮ አያስቅም" አለኝ። በእንግሊዝኛ ነው ያለኝ፣ አማርኛው ደካማ ነው።

ከዛ ወዲህ ክፍሉን ዘግቶ ብቻውን ነው የሚያየው። ባለፈው ለእናቱ "ዳዲ ሲመጣ ንገሪኝ፣ አጠፋዋለሁ" ሲላት ሰማሁ። እኔና እሱ ብዙ የምንገናኝበት ነገር የለንም። ኳስ አይወድም። ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ከጓደኞቹ ጋር ይሆናል። ሲምፕሰንስ ብቻ ነበር የሁለታችን። እና ያለቀበት ካርቱኑ ነው ወይስ እኔ ነኝ? ልጄን ወደ ሶፋው እንዴት ልመልሰው?

የቸገረው አባት፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

መልሱ

ወንድሜ፣

"ማን እንደሆኑ እንኳ አላውቅም" ያልክበት ቦታ ላይ ቆሜ ቀረሁ። አንተ በቁጣ ውስጥ ወርውረኸው አልፈሃል። እኔ ግን መላው ነገር እዛ ያለ መሰለኝ።

አባትህም እኮ አያውቋቸውም ነበር። ቋንቋውን አያውቁም፣ አገሩን አያውቁም። የሚቀለድባቸው ሰዎች ለእሳቸው እንግዳ ናቸው። ታዲያ ምን አደረጉ? "ይሄ ቀልድ ነው?" አላሉም። ቀኑን ሙሉ የሰው መኪና ሲያቆሙ ውለው ጫማቸውን እንኳ ሳያወልቁ ተቀመጡና "ምን አለ?" ብለው ጠየቁ። አንተ ያንን ንዝንዝ አልከው፣ ደስ አላለኝም። ትምህርት ቤት በማታውቀው ቋንቋ አፍህ ተሳስሮ የምትውል የ13 ዓመት ልጅ ነበርክ። እቤት ስትገባ ግን አባትህ የሚጠይቁህ አስተርጓሚ ትሆናለህ። በምሽት ለግማሽ ሰዓት አዋቂው አንተ ነበርክ። እንግሊዝኛህ የተፈታው በሆመር ብቻ አይመስለኝም።

ልጅህ ደግሞ እየሳቀ ሪሞቱን ትወስድበታለህ። ይሄን ስትጽፈው ምንም አልመሰለህም። እኔ ግን ሳነበው አመመኝ። ልጁ ከት ብሎ የሳቀበትን ነገር አባቱ አቁሞ "እውነተኛው ይሄ አይደለም" ሲለው፣ የሚሰማው ስለ ካርቱኑ ብቻ ይመስልሃል? የኔ ሳቅ ትክክል አይደለም ብሎ ነው የሚሰማው። ለዚህ ነው በሩን የዘጋው። ጥፋቱ ያንተ ነው፣ አለሳልሼ ልነግርህ አልችልም።

ስለ ካርቱኑ ካነሳህ፣ እኔም የድሮውን የምወድ ነኝ። ሆመር ላይ ያልከው ልክ ነው። የስኪነሩን ክፍል እንኳን እኛ፣ የስኪነርን ድምፅ የሚሠራው ተዋናይ ሃሪ ሺረር ራሱ በአደባባይ ተቃውሞታል። ሞኖሬሉን የጻፈው ኮናን ኦብራየን በዛው በ1993 የራሱን የማታ ፕሮግራም ሊያዘጋጅ ሄደ። የድምፅ ተዋናዩ ፊል ሃርትማን በ1998 ሲገደል የሱ ሁለት ገጸ ባህርያት፣ ጠበቃው ሃትስና ተዋናዩ ትሮይ ማክሉር፣ ድምፃቸው አብሮ ጠፋ። ከዛ በላይ የሚከብደው ግን ሌላ ነው። ሲምፕሰንስ በ1989 ሲጀምር የሚቀልደው በቴሌቪዥን ላይ በሚታዩት እንከን የለሽ ቤተሰቦች ላይ ነበር። እነዛ ቤተሰቦች ዛሬ የሉም። ባርት ግን እስካሁን 10 ዓመቱ ነው፣ እና የሚቀልድበት ሌላ ነገር መፈለግ ነበረበት። ለረጅም ጊዜ ሳያገኝ ቆይቷል ብዬ አምናለሁ።

ሞቷል ግን አልልም። በ2022 የወጣ አንድ ክፍል አለ፣ ሆመርና ሚስቱ ማርጅ መኪናቸው ወንዝ ገብቶባቸው በበረዷማ ጫካ ሁለቱ ብቻ የሚቀሩበት። ከቀልዱ በላይ ባልና ሚስቱ እንዴት እንደገና እንደሚተያዩ ነው የነካኝ። የምትወደው ሆመር እዛ ውስጥ አለ። አላየኸውም፣ ምክንያቱም ሪሞቱን ይዘሃል።

አንድ ነገር ደግሞ ረስተሃል። አንተ እውነተኛ የምትለው ያ ዘመን ያኔ ለብዙ ትልልቅ ሰዎች አያስቅም ነበር። የባርት ቲሸርት ለብሶ መምጣትን የከለከሉ ትምህርት ቤቶች ነበሩ። ፕሬዝዳንት ጆርጅ ቡሽ፣ አባትየው፣ በ1992 የአሜሪካ ቤተሰብ ከሲምፕሰንስ ይልቅ በሌላ ፕሮግራም ላይ እንደሚታዩት እንደ ዋልተንስ እንዲሆን እንፈልጋለን ብለው ተናግረዋል። ትልልቆቹ እንዲህ በተቆጡበት ካርቱን የናንተ አባት አጠገባችሁ ተቀምጠው ይስቁ ነበር። እኔ ብሆን በዚህ እኮራ ነበር።

አሁን የምታደርገውን ልንገርህ። በሩን አንኳኳ። ይቅርታ በለው፣ በአጭሩ፣ ሪሞቱን ስለወሰድኩብህ ይቅርታ በለው። አባት ልጁን ይቅርታ ሲጠይቅ የሚቀንስበት ነገር የለም። ከዛ እሱ የመረጠውን አዲስ ክፍል አብረህ እይ፣ ሪሞቱ እሱ እጅ ይሁን። ያ የማታውቀው ሰው ሲመጣና ልጁ ሲስቅ "ማነው?" በለው። አስመስለህ አትጠይቅ፣ አስመሳይ አባትን ልጅ ወዲያው ያውቀዋል። ግን በእርግጥ አታውቀውም እኮ፣ ስለዚህ የምር ጠይቅ። "በአማርኛ ንገረኝ" ማለትም ትችላለህ። ይንተባተባል፣ ቃል ያጣል፣ እንግሊዝኛ ይቀላቅላል፣ ተወው። ላርመው ብለህ አትቸኩል። አንተም ለአባትህ ስትተረጉም ግማሹን ቀልድ አበላሽተኸዋል፣ እሳቸው ግን ስቀዋል።

ሳቅ ካልመጣልህም አትሳቅ። መቀመጥህ ይበቃዋል።

የሆመርን እናት ክፍል ግን ለጊዜው አትክፈትለት። ለሱ ስለ አንድ ካርቱን እናት ነው፣ ላንተ ግን ጋቢ ተከናንበው ዝም ስላሉ አባት ነው። ያንን ደግሞ እስካሁን ለልጅህ አልነገርከውም። መጀመሪያ እሱን ንገረው። አያቱ ከሥራ መጥተው ጫማቸውን ሳያወልቁ ምን ብለው ይጠይቁ እንደነበር ንገረው።