«ሁሉም አስወጥቷል ይሉኛል»

እትዬ፣ ትዕግሥቴ ስላለቀ ነው የምጽፍልዎት። አማቴ ከደሴ መጥተው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ እኛ ጋ ከከረሙ ሰባት ወር ሆናቸው። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ሁለቱን ሴቶች ልጆቼን ይወዷቸዋል። ግን ቡና በተፈላ ቁጥር ወሬው አንድ ነው። «ወንዱን መቼ ነው የምታሳዩኝ?» እንግዳ ፊትም ይሉታል። ባለፈው እሑድ ቤተ ክርስቲያን የተዋወቋቸው ሴትዮ ሆዴን ዳስሰው «እግዜር ይክፈተው» አሉኝ። ባለቤቴ «እናቴ ናት፣ ቻያት» ይላል። እስከ መቼ ነው የምችለው?

ነርሲንግ ሆም፣ የአረጋውያን መጦሪያ ቤት፣ ሌሊት ነው የምሠራው። ደክሞኝ ስመጣ አያዝኑልኝም። ደረጃ መሀል ላይ ቆም ካልኩ «በዚህ ዕድሜሽ እንዲህ ትልፈሰፈሻለሽ?» ይሉኛል። በረዶ ሳኝክ ደግሞ ስለ ጥርሴ ይቆጡኛል። እሱስ እውነታቸውን ነው፤ በቀን ሦስት አራት ብርጭቆ በረዶ እጨርሳለሁ።

ሌላው ነገር፣ የወር አበባዬ ዘጠኝ አሥር ቀን መፍሰስ ከጀመረ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ሐኪሟ ማዮማ (ካንሰር ያልሆነ የማህፀን እጢ) ነው፣ ማህፀንሽ ቢወጣ ይሻላል አለችኝ። ግማሹ እንግሊዝኛ አልገባኝም፤ እሺ ብዬ ወጣሁ። 38 ዓመቴ ነው። ሥራ ቦታ የማጥባቸው አሮጊቶች «እኔም አስወጥቻለሁ፣ ሁሉም ያስወጣል» ይሉኛል። እውነት በኔ ዕድሜ ይሄ የተለመደ ነው? ለባለቤቴ ሳልነግረው ባደርገውስ?

መልስ

እህቴ፣ አማትሽን ለጊዜው እንተዋቸው። እኔን ያስደነገጠኝ በረዶው ነው።

አገር ቤት እርጉዝ ሴት አፈር ሲያምራት አይተሻል። በረዶ ማማርም እንደዚያው ነው፤ ብዙ ጊዜ ሰውነት ብረት ሲያጥረው የሚመጣ ነው። ሁለት ዓመት ደም የፈሰሳት ሴት ደረጃ መሀል ላይ ብትቆም ተልፈስፍሳ አይደለም። ደም አንሷት ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። ይህን ለሐኪሟ ነግረሻታል? ለኔ እንኳ የጻፍሽው አማትሽ ስለተቆጡሽ ብቻ ነው! በዚህ ሳምንት ደምሽን ተመርመሪ። የደም ማነስ የሚለካበት ሄሞግሎቢን ለሴት ቢያንስ 12 ግድም መሆን አለበት። ቀዶ ሕክምናው ቢቆረጥ እንኳ መጀመሪያ ደምሽ መስተካከል አለበት። ሞዴስ በየሰዓቱ የሚሞላብሽ ከሆነ ወይም ራስሽን ካዞረሽ ቀጠሮ አትጠብቂ፤ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።

አሮጊቶቹ አልዋሹሽም። ግን አንቺ የምታጥቢው ዕድሜያቸው የገፋውን ነው። በ2021 በአሜሪካ በተሰበሰበ መረጃ፣ 75 ዓመት ከሞላቸውና ካለፉት 100 ሴቶች 42ቱ ገደማ ማህፀናቸው ወጥቷል። ከ45 እስከ 64 ባሉት 22 ገደማ ናቸው። ከ18 እስከ 44 ባሉት፣ አንቺ ባለሽበት፣ ከ100 ሦስት አይሞሉም። የወጣ ማህፀን አይመለስም፤ ስለዚህ ቁጥሩ ከዕድሜ ጋር እየተደመረ ይሄዳል። ደግሞ እነሱ ወጣት ሳሉ የነበረው አማራጭ እንደ ዛሬው አልነበረም።

ዛሬ ማዮማውን ብቻ አውጥቶ ማህፀኑን መተው አለ። ወደ ማዮማው የሚሄደውን ደም በደም ሥር ገብቶ መዝጋት አለ። ደም የሚቀንስ ክኒን፣ ሆርሞን ያለው ሉፕ አለ። እኔ አድልቼ ነው የምናገረው፤ እነዚህ አንድ በአንድ ሳይነሱ የ38 ዓመት ሴት ማህፀን ይውጣ ሲባል አልወድም። እዚህ አገር ጥቁር ሴቶች ማዮማ ቀድሞ ይይዛቸዋል፤ ማህፀናቸውም በእሱ ምክንያት ከሌሎች ይበልጥ ይወጣል። ሁለተኛ ሐኪም ጋ ሂጂ። «ማዮማው ብቻ ለምንድን ነው የማይወጣው?» ብለሽ ጠይቂ። አስተርጓሚም ጠይቂ። ከመንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ ባልገባሽ ነገር «እሺ» አትበዪ።

ምናልባት ባንቺ ሁኔታ ማስወጣቱ ልክ ይሆናል። ያኔ ኦቫሪዎችሽ፣ እንቁላልና ሆርሞን የሚያመነጩት፣ ይቀሩ እንደሆነ ጠይቂ። ከቀሩ የወር አበባሽ ይቆማል፣ አትወልጂም፤ ሆርሞንሽ ግን በዚያው ቀን አይቋረጥም። ሴትነትሽ ደግሞ ከሆስፒታሉ አብሮሽ ይወጣል።

ቅድም አማትሽን እንተዋቸው ያልኩት ለዚህ ነው። እሳቸው ሌላ ልጅ ይፈልጋሉ። ሐኪሟ ማህፀንሽ ይውጣ አለች። አንቺስ? ሌላ ልጅ ትፈልጊያለሽ ወይስ በቃኝ ብለሻል? ደብዳቤሽን ሦስቴ አነበብኩት፤ የለበትም። ሕክምናው ራሱ የሚወሰነው በዚህ መልስ ነው።

ለባለቤትሽ ሳትነግሪ? ተይ። የሱ ፈቃድ አያስፈልግሽም፤ ሰውነቱ ያንቺ ነው። ግን ሆድሽ ተከፍቶ ከተሠራ እስከ ስድስት ሳምንት ከባድ ነገር አታነሺም። ማንን ልትደብቂ ነው? እሱም ቢሆን «ቻያት» ያለው ምን ተሸክመሽ እንደምትችዪ ሳያውቅ ነው። ዛሬ ሥራ ሳትገቢ ወጥ ቤት ጥሪው፤ የበረዶውን ብርጭቆ አሳዪውና ከዚያ ጀምረሽ ንገሪው።