ፍሪላንስ ለጀመራችሁ ወጣት ዌብ ዲዛይነሮች

ውድ ወጣት ባልደረቦቼ፣

ፍሪላንስ ዌብ ዲዛይነር ሆናችሁ፣ ማለትም ያለ ቋሚ ቀጣሪ በግላችሁ፣ መሥራት ጀምራችኋል፤ እንኳን ደስ ያላችሁ። እኔ በዚህ ሙያ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። ዛሬም አዲስ ገጽ ለመጀመር ስቀመጥ ደስ ይለኛል። እናንተም ሳትሰለቹ ረጅም ዘመን እንድትሠሩበት ስለምፈልግ ነው ይህን የምጽፍላችሁ። ጎበዝ ጎበዝ ልጆች ጀምረው ሲያቋርጡ አይቻለሁ። አብዛኞቹ ችሎታ አልጎደላቸውም። ያቃታቸው ቀኑን መያዝ ነው። አለቃ በሌለበት ግቡንም ሰዓቱንም የሚያወጡት ራሳቸው እንደሆኑ ማንም አስቀድሞ አልነገራቸውም።

ከግብ ልጀምር። አዲስ ፍሪላንሰርን «ዘንድሮ ምን አቅደሃል?» ብትሉት፣ ይህን ያህል ደንበኛ አገኛለሁ፣ በወር ይህን ያህል አስገባለሁ ይላችኋል። መመኘቱ ጥሩ ነው። ነገር ግን እሺ የሚለው ደንበኛው ነው። ከፋዩም እሱ ነው። እናንተ እሱን ማስገደድ አትችሉም። በእጃችሁ ያለው ለስንት ሰው ሥራችሁን እንዳሳያችሁ፣ ምን እንደተማራችሁ፣ የጀመራችሁትን መጨረሳችሁ ነው። ስለዚህ የዓመቱን ምኞት ከጻፋችሁ በኋላ ከሥሩ ሌላ ነገር ጻፉ፦ «በዚህ ሳምንት የአምስት ድርጅቶችን ዌብሳይት አይቼ፣ የታዘብኩትን ጽፌ እልካለሁ።» ይህን ማንም ሊከለክላችሁ አይችልም። ሳምንቱ ሲያልቅ አድርጌዋለሁ ወይም አላደረግኩትም ብላችሁ በአንድ ቃል ትመልሳላችሁ። ወሩን ሙሉ አንድም ሰው ባይቀጥራችሁ እንኳ ሥራ ላይ እንደከረማችሁ ታውቃላችሁ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሰው ተስፋ የሚቆርጠው ውጤት ሲዘገይበት ብቻ አይደለም፤ ቀኑ የት እንደገባ ሲጠፋበትም ነው።

የምትልኩት መልእክት «ዌብ ዲዛይነር ነኝ፣ ሥራ ካለ አሳውቁኝ» የሚል እንዳይሆን አደራ። ዌብሳይታቸውን በስልካችሁ ክፈቱት። ፎቶዎቹ እስኪመጡ ስንት ሰከንድ ይፈጃል? ስልክ ቁጥሩን ስትነኩት ይደውላል? ጽሑፉ ከጀርባው ቀለም ተለይቶ ይነበባል? የዌብ ደረጃዎችን የሚያወጣው ወርልድ ዋይድ ዌብ ኮንሰርቲየም ዌብሳይት ለአካል ጉዳተኞችም እንዲያገለግል ባወጣው የተደራሽነት መመሪያ መሠረት፣ መደበኛ መጠን ያለው ጽሑፍ ከጀርባው ጋር ቢያንስ 4.5 ለ 1 ንፅፅር (የድምቀት ልዩነት) ሊኖረው ይገባል። ይህን የሚለኩ ነፃ መሣሪያዎች ሞልተዋል። አንድ እውነተኛ ችግር አግኝታችሁ፣ እንዴት እንደሚስተካከል በሦስት በአራት መስመር ጻፉላቸው። ባይቀጥሯችሁም ጠቅማችኋቸዋል። እናንተም አንድ ዌብሳይት በጥንቃቄ መርምራችኋል፤ ይህ ራሱ ትምህርት ነው።

ወደ ቀኑ ልምጣ። ዲዛይንና ኮድ ያልተቆራረጠ ጊዜ ይፈልጋሉ። የገጹን አቀማመጥ ጭንቅላታችሁ ውስጥ ይዛችሁ ሳለ አንድ መልእክት ከመጣ፣ ወደነበራችሁበት ለመመለስ ብዙ ደቂቃ ይሄዳል። ስለዚህ አእምሯችሁ ንቁ የሚሆንበትን ሰዓት ለሥራው ስጡት። ለአንዱ ጠዋት ነው፣ ለሌላው ማታ። የትኛው እንደሆነ በሁለት ሳምንት ውስጥ ታውቁታላችሁ። በዚያ ሰዓት ስልኩ ሌላ ክፍል ይቀመጥ። ኢሜይልና መልእክት ከዚያ በኋላ ይመለሳሉ። ደንበኛን በምን ሰዓት መልስ እንደምትሰጡት አስቀድማችሁ ከነገራችሁት አይቀየምም። የሚያስቀይመው መልስ መቼ እንደሚመጣ አለማወቅ ነው።

ላፕቶፑ የሚዘጋበትን ሰዓትም ወስኑ። ቤት ውስጥ የሚሠራ ሰው ሥራው አጠገቡ ስለሆነ፣ እራት በልቶ «አንዴ ልየው» ብሎ እኩለ ሌሊት ድረስ ይቆያል። ጓደኛ ያስፈልጋችኋል፤ እንቅልፍም ያስፈልጋችኋል። ዓይናችሁንም አትርሱ። የዓይን ሐኪሞች በየ20 ደቂቃው ለ20 ሰከንድ ያህል 6 ሜትር የሚሆን ርቀት ላይ ያለ ነገር ማየትን ይመክራሉ። ቤተሰብ ደግሞ ቤት ስላላችሁ ሥራ የፈታችሁ ሊመስለው ይችላል። አትቆጡ። ከዚህ ሰዓት እስከዚህ ሰዓት ሥራ ላይ ነኝ በሉ፤ ያንንም ሰዓት ራሳችሁ አክብሩት። እናንተ ስታከብሩት እነሱም ያከብሩታል።

ስለ ገንዘብ አንድ ስሌት ላሳያችሁ። በሳምንት 40 ሰዓት፣ በዓመት 52 ሳምንት ቢሠራ 2,080 ሰዓት ይሆናል። ብዙ ጀማሪ የሰዓት ዋጋውን የሚያወጣው በዚህ አስቦ ነው። ግን ደንበኛ ፍለጋ፣ ፕሮፖዛል መጻፍ፣ ሂሳብ መያዝና መማር የሚከፍልበት ሰው የለም። ከ40ው ሰዓት ግማሹ ቢከፈልበት መልካም ነው። ዕረፍትና ሕመም ሲወጣለት ደግሞ 46 ሳምንት ቀረ እንበል። 46 በ20 ሲባዛ 920 ሰዓት ነው፤ ከመጀመሪያው ከግማሽ በታች። የዓመት ወጪያችሁን፣ ግብሩን፣ የላፕቶፑን መተኪያና ለክፉ ቀን የሚቀመጠውን ደምራችሁ ለ920 አካፍሉት። የሚመጣው ቁጥር ሊያስደነግጣችሁ ይችላል። ግን ከዚያ በታች ስትሠሩ ልዩነቱን የምትከፍሉት ከእንቅልፋችሁ ነው። ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሥራዎች ዋጋ ብትቀንሱ እረዳችኋለሁ። ቅናሽ መሆኑን ግን በግልጽ ጻፉት፤ አለበለዚያ ያው ሰው ሁለተኛ ሲመጣ ያንኑ ዋጋ ይጠብቃል።

አሁን ከሁሉም በላይ አጥብቄ የምነግራችሁ ነገር ላይ ደረስኩ። የዌብሳይት ሥራ በብዛት የሚቆመው በኮድ ምክንያት አይደለም። የሚቆመው ጽሑፍና ፎቶ ሳይመጣ ሲቀር ነው። ደንበኛው «እናንተ ዲዛይኑን ጀምሩ፣ ጽሑፉን እልካለሁ» ይላል። እናንተም ለማስደሰት ስትሉ ትጀምራላችሁ። ለሦስት መስመር ያዘጋጃችሁት ቦታ ላይ ሁለት ገጽ ጽሑፍ ይመጣል። ሦስት አገልግሎት የተባለው ዘጠኝ ይሆናል። ሁሉም እንደገና ይፈርሳል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለዚህ ነው። ስለዚህ ውሉ ላይ ጽሑፉንና ፎቶውን ማን፣ እስከ መቼ እንደሚያቀርብ ይጻፍ። ቢዘገይ የማስረከቢያው ቀንም በዚያው ልክ እንደሚገፋ ይጻፍ። ደንበኛው መጻፍ ከከበደው ጠይቃችሁት ራሳችሁ አርቅቁለት፤ ይህም ሥራ ነውና ዋጋ ይውጣለት።

በዚያው ውል ላይ ገጾቹ ስንት እንደሆኑ፣ ማስተካከያው ስንት ዙር እንደሆነ፣ ከዚያ በላይ ሲሆን እንዴት እንደሚታሰብ ይስፈር። ቅድመ ክፍያ ሳትቀበሉ አትጀምሩ። ቅድመ ክፍያ መጠየቅ አያሳፍርም፤ ሥራውን ከልቡ የሚፈልግ ሰው ይረዳዋል። ዶሜይኑን፣ ማለትም የዌብሳይቱን አድራሻ፣ በደንበኛው ስም አስመዝግቡ። በእናንተ ስም ቢሆን ሰውየውን የያዛችሁት ሊመስላችሁ ይችላል፤ ግን የእሱ ንብረት ነው፤ የምታተርፉትም ጭቅጭቅ ብቻ ነው። ባክአፕም (የዌብሳይቱ መጠባበቂያ ቅጂ) ሁልጊዜ ዌብሳይቱ ከሚቀመጥበት ሰርቨር ውጭ ሌላ ቦታ ይኑራችሁ።

ለመማርም ከሳምንቱ ቋሚ ሰዓት ለዩ። ምን እንማር ለምትሉ፣ መሠረቱን እላለሁ። ቲም በርነርስ ሊ በሰርን የምርምር ማዕከል ዌብን በሐሳብ ያቀረበው በ1989 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በ1991 ለሕዝብ ይፋ የሆነው የመጀመሪያው ዌብሳይት ቅጂ ዛሬ በስልካችሁ ብራውዘር ይከፈታል። የተጻፈው የገጽን ይዘት በሚያዋቅረው ቋንቋ፣ በኤችቲኤምኤል ነው። የገጽን መልክና አቀማመጥ የሚወስነው ሲኤስኤስ በ1996 ደረጃ ወጣለት፤ አሁንም የምንሠራው በእሱ ነው። ተንቀሳቃሽ ምስልና ጨዋታ ይሠራበት የነበረው ፍላሽ ግን አንድ ዘመን የዌቡን ግማሽ የያዘ ይመስል ነበር። ባለቤቱ አዶቤ በ2020 መጨረሻ ድጋፉን ሲያቆም በፍላሽ የተሠሩ ገጾች ባዶ ሆነው ቀሩ። አዲስ መሣሪያ መሞከር ጥሩ ነው፤ ጊዜ ይቆጥባል። አሁን ደግሞ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ አንድ ሙሉ ገጽ በደቂቃ ይሠራላችኋል። ያ ገጽ ማየት ለማይችል ሰው በድምፅ ሲነበብ ትርጉም ይሰጥ እንደሆነ፣ በጠባብ ስክሪን ይሰበር እንደሆነ ማወቅ ግን የእናንተ ሥራ ነው። መሠረቱን ካላወቃችሁ ይህን መፍረድ አትችሉም። ዌብ ዲዛይነሩ ኢታን ማርኮት በ2010 እንደ ስክሪኑ ስፋት ራሱን የሚያስተካክል ዲዛይንን «ሪስፖንሲቭ» የሚል ስም ሰጥቶ ሲያስተዋውቅ፣ የተጠቀመባቸው ነገሮች አብዛኞቹ ሲኤስኤስ ውስጥ የነበሩ ነበሩ። አዲስ ያደረገው አጣምሮ ማየቱ ነው።

ብቻችሁንም አትሁኑ። በየሳምንቱ ሥራችሁን የምታሳዩት አንድ የሙያ ጓደኛ ያዙ። ከሚያሞግሳችሁ ይልቅ «ይህ ቁልፍ ለምን እዚህ ሆነ?» የሚላችሁን ምረጡ።

አንድ ነገር ልጨምር። ሰዓታችሁን መዝግቡ። ማስታወሻ ደብተርም ይሁን ስልክ፣ ይህ ገጽ ይህን ያህል ፈጀ፣ ይህ ማስተካከያ ይህን ያህል ወሰደ፣ ከደንበኛ ጋር ለመነጋገር ይህን ያህል ሄደ ብላችሁ በዕለቱ ጻፉ። መጀመሪያ ላይ ያሰለቻል። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን አንድ ደንበኛ «ስንት ቀን ይፈጃል? ስንት ያስወጣል?» ሲላችሁ ገምታችሁ አትናገሩም። መዝገባችሁን ገልጣችሁ፣ ተመሳሳዩን ሥራ አይታችሁ፣ ድምፃችሁ ሳይንቀጠቀጥ ትነግሩታላችሁ።