ከሩቅ ሆናችሁ በግ ለምታረቡ

ወገኖቼ፣ ውጭ አገር ሆናችሁ በግ ማርባት የጀመራችሁ ስትደውሉልኝ መጀመሪያ የምትጠይቁኝ ስለ ካሜራ ነው። «የትኛውን ልግዛ? በስልኬ ላያቸው እችላለሁ?» ትላላችሁ። ማየቱንስ ታያላችሁ። እኔ ግን አስቀድሜ የምጠይቃችሁ ሌላ ነው፦ ስልካችሁ ሌሊት ቢጮህ በረት ድረስ ሄዶ በጓን የሚያያት ማነው? እሱ ከሌለ ለጊዜው ምንም አትግዙ።

ሰው ካላችሁ እንቀጥል። በግ አውሬ የሚያድናት እንስሳ ስለሆነች ሕመሟን ትደብቃለች። ሰው ሲቀርባት ቀና ትላለች፣ ከመንጋው ጋር ትሮጣለች። ይዘን ስንመረምራት ደግሞ ድንጋጤው ብቻውን የልብ ምቷንና ሙቀቷን ከፍ ያደርገዋል። ሳይነኩ የሚከታተሉ መሣሪያዎችን የምወዳቸው ለዚህ ነው።

እኔ ብሆን የምጀምረው በሚዛን ነው። ወደ ውሃው በሚወስደው ጠባብ መተላለፊያ ላይ ይቀመጣል፤ በጎቹ አንድ በአንድ ሲረግጡት የጆሯቸውን ኤሌክትሮኒክ መለያ እያነበበ ክብደታቸውን ይመዘግባል። የአንድ ቀን ቁጥር ግን አትመኑ። ሮጣ ያለፈች ወይም ከሌላ ጋር ተደርባ የረገጠች በግ ቁጥሩን ታዛባለች፤ ጠጥታ ስትመለስም ትከብዳለች። የሳምንታቱን አካሄድ ተመልከቱ። ሌሎቹ ሲጨምሩ እሷ ብቻ እየቀነሰች ከሄደች ያኔ ትያዝና የታችኛው የዐይኗ ቆብ ውስጡ ይታይ። ከነጣ፣ ደም የሚመጥ የጨጓራ ትል ሊሆን ይችላል። ለዚህ ፋማቻ የሚባል የቀለም ካርድ አለ፤ 1 ደማቅ ቀይ፣ 5 የነጣ ነው። በዚህ መንገድ መድኃኒት የሚሰጠው ለሚያስፈልጋት ብቻ ስለሚሆን ትሉም ቶሎ አይለምደውም።

ቴርማል ካሜራ፣ ማለትም ሙቀትን በምስል የሚያሳየው፣ ብዙ ሰው ያሳስታል። ሱፍ ሙቀት ስለሚይዝ ጀርባዋን ብታነሱት ምንም አይነግራችሁም። ዐይኗን፣ ጡቷን፣ ሰኮናዋን አንሱ። የጤነኛ በግ የውስጥ ሙቀት 39 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ካሜራው የሚያነበው ግን የቆዳውን ነው፣ እሱንም ፀሐይና ነፋስ ይቀይሩታል። ስለዚህ ከራሷ ጋር አወዳድሯት፦ አንዱ የጡቷ ጎን ከሌላው ከጋለ፣ አንዱ እግሯ ከሦስቱ ከተለየ ሰው ይላክ።

የአንገት ሴንሰር መተኛቷን፣ መጋጧንና ማመስኳቷን ይለያል፤ ልትወልድ ስትል ደጋግማ መተኛት መነሳቷንም ይይዛል። ብቻ በየጊዜው ይላላ፣ በተለይ በማደግ ላይ ባሉት ግልገሎች ላይ። አንገት እያቆሰለ ጤና የሚከታተል ነገር አልፈልግም። ድሮን ካላችሁ ደግሞ በጎቹ ተሰብስበው መሮጥ ሲጀምሩ ወዲያው አርቁት፤ ሊወልዱ የደረሱት ላይ ጨርሶ አታብርሩት።

ማስጠንቀቂያው መጀመሪያ እረኛው ስልክ ላይ ይድረስ፣ ቀጥሎ ለእናንተ። ደብተርም ስጡት፤ ማሽኑ በጮኸ ቁጥር ሄዶ ያየውን፣ ማሽኑ ዝም ብሎ እሱ ቀድሞ ያያትንም በግ ይጻፍበት። ከጥቂት ወራት በኋላ ሌላ መሣሪያ መግዛት ሲያምራችሁ መጀመሪያ ያንን ደብተር አንብቡ።