የታደሰ ሞተር በመጀመሪያው 20 ደቂቃ እንዳይበላሽብህ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ እንዴት ነህ? የምኖረው ኦሮራ፣ ኮሎራዶ ነው። የ1969 ካማሮ አለኝ፤ ሞተሩ 350 ቪ8፣ ካምቢዮው ቱርቦ 350 አውቶማቲክ ነው። ሞተሩን ከነካምቢዮው ራሴ አወረድኩት። ብሎኩን ቶርኖ ቤት ወስጄ ሲሊንደሮቹን አሰፋሁ፣ አዲስ ፒስተን ከነፋሻው፣ አዲስ ካምሻፍት ከነታፔቱ ገባለት። አሁን ተገጣጥሞ ስታንድ ላይ ቆሟል። የቀረኝ መልሶ ማስገባት ነው። ቦታው የቤቴ ጋራዥ ነው፣ ክሬን ተከራይቻለሁ፣ አንድ ጓደኛዬም ያግዘኛል። ሞተሩንና ካምቢዮውን አያይዤ ላስገባ ወይስ ለየብቻ? ሌላው ደግሞ ሰው ሁሉ የመጀመሪያውን ማስነሳት እያነሳ ያስፈራራኛል። እውነት ያን ያህል ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አዎ፣ ያን ያህል ነው። እሱ ጋ ከመድረሳችን በፊት ግን ብዙ ገንዘብ የሚበላ ሌላ ቦታ አለ፤ ሞተሩና ካምቢዮው የሚገናኙበት። መጀመሪያ እዚያ እንቆይ።

አያይዘህ አስገባቸው። ካምቢዮው መኪናው ላይ ቀርቶ ቢሆን ሌላ እልህ ነበር። አንዴ ከወረደ ግን ሁለቱን በደንብ በምታይበት ቦታ፣ ወገብህ ሳይጎብጥ ማጋጠም ትልቅ ነገር ነው። በእርግጥ ክብደት ይጨምራል። 350ው ብቻውን 260 ኪሎ አካባቢ ነው፣ ካምቢዮው ደግሞ ሌላ 55 ኪሎ ገደማ ይጨምርበታል። የክሬኑ ክንድ በረዘመ ቁጥር የሚችለው ክብደት ስለሚቀንስ፣ ክንዱ ላይ በየቀዳዳው የተጻፈውን ቁጥር ሳታይ እንዳታነሳ። ሞተሩን ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚያዘነብለውን ባለ እጀታ ማመጣጠኛም አብረህ ተከራይ፤ ያለ እሱ ከነካምቢዮው ማስገባት መከራ ነው።

አሁን ወደ ቶርክ ኮንቨርተሩ፤ የሞተሩን ኃይል በዘይት አማካይነት ወደ ካምቢዮው የሚያሻግረው ክብ ዕቃ ነው። ኮንቨርተሩ ካምቢዮው ውስጥ ሙሉ በሙሉ ገብቶ የዘይት ፓምፑን መያዝ አለበት። አንድ ኳርት (ወደ አንድ ሊትር) ገደማ የካምቢዮ ዘይት ጨምርበት፣ ከዚያ እየገፋህ ስታሽከረክረው ቀጭ እያለ በየደረጃው ወደ ውስጥ ይሰምጣል። አንዴ ቀጭ ስላለ ገባ ብለህ እንዳትተወው፤ ምንም መስመጥ እስኪያቅተው ድረስ ግፋው። ሞተሩን ስታስጠጋ ደግሞ ብሎኩና ካምቢዮው በእጅ ግፊት ብቻ፣ ያለ አንድም ብሎን፣ ዙሪያውን ሙሉ መግጠም አለባቸው። ክፍተት ከቀረ በብሎን እየሳብክ እንዳትዘጋው! ብሎኑ ጠንካራ ነው፣ ይስባል፣ ክፍተቱም ይዘጋል፣ የካምቢዮው ፓምፕ ግን ውስጥ ተሰንጥቋል፤ አንተ የምታውቀው መኪናው አልንቀሳቀስ ሲልህ ነው። በትክክል ከገጠመ በኋላ ኮንቨርተሩ በእጅ ሲነካ እንደ ልብ ይዞራል፣ ሞተሩ ጀርባ ላይ ካለው ስስ የብረት ሳህን፣ ከፍሌክስፕሌቱም ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ይርቃል። ያን ጊዜ ወደ ፊት ስበህ በሦስቱ ብሎኖች ታስረዋለህ። ርቀቱ ከሌለ አልገባም ማለት ነው፣ ለያይተህ እንደገና ጀምር። አንድ ነገር ልጨምር፣ ብሎኩ ጀርባ ላይ ሁለት መሪ ፒኖች አሉ፤ ቶርኖ ቤት ሲታጠብ ወልቀው እዚያው የሚቀሩበት ጊዜ ስላለ መኖራቸውን በዓይንህ አረጋግጥ።

የሞተሩን ማቀፊያ ጎማዎች አሮጌዎቹን እንዳትመልስ። ይህን የምልህ ለወጉ ያህል አይደለም። ያንተ ዓይነት ካማሮ ላይ የግራው ጎማ ከብረቱ ሲላቀቅ ሞተሩ ጋዝ ስትሰጠው በግራ በኩል ብድግ ይላል፣ ብድግ ሲል ደግሞ የጋዙን ማያያዣ ይዞ ይከፍተዋል፤ እግርህን ብታነሳም መኪናው ይሮጣል። ጄኔራል ሞተርስ በ1971 መጨረሻ ላይ 6.7 ሚሊዮን ገደማ መኪናዎችን የጠራው ለዚህ ነው፣ ከ1967 እስከ 1969 የተሠሩ ቪ8 ካማሮዎችም ነበሩበት። ያኔ የተሰጠው መፍትሔ ሞተሩ ብድግ እንዳይል የሚይዝ የብረት ገመድ ማሰር ነበር። ዛሬ ጎማው ቢበጠስ እንኳ ብረትና ብረቱ ተቆላልፎ የሚቀርበት ማቀፊያ ይሸጣል፣ ዋጋውም ብዙ አይደለም። እሱን ግዛ።

ስታስገባ ኮፈኑን አውልቀው፣ ማጠፊያው የነበረበትን ቦታ ግን አስቀድመህ በማርከር ክበበው፣ አለዚያ መልሰህ ስታስተካክል ቀኑን ሙሉ ላይ ታች ትላለህ። ራዲያተሩም ይውጣ። ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያከፋፍለው ዲስትሪቢውተር አይግባ፣ ከኋላው ግድግዳ ጋር ሲጋጭ ክዳኑ ይሰበራል። የካምቢዮው ጭራ ዘይት እንዳያፈስ በፕላስቲክ ከረጢት ጠቅልለህ እሰረው። አንዳችሁ ክሬኑን፣ አንዳችሁ ሞተሩን ያዙ፣ ቀስ በቀስ አውርዱት። አንድ ቦታ እንቢ ካለ የያዘውን ነገር ፈልጉ እንጂ አትጫኑት። የማቀፊያዎቹ ረጃጅም ብሎኖች ሁሉም ገብተው ሳያልቁ አንዱንም እንዳታጠብቅ። ሞተሩን ከቦዲው የሚያገናኘውን የማሳ ገመድ ደግሞ እባክህ አትርሳ። እሱ ከሌለ የሞተሪኖው ኤሌክትሪክ በጋዙ ኬብል በኩል መመለሻ ይፈልጋል፣ ኬብሉም ይቃጠላል።

አሁን ሰው ያስፈራራህ ወዳለው ነገር።

አዲሱ ካምሻፍትህ (ቫልቮቹን በታፔቶቹ እየገፋ የሚከፍተው ባለ ጉብታ ዘንግ) ሮለር፣ ማለትም ተንከባላይ ታፔት ያለው ከሆነ ብዙ አትጨነቅ። በ1969 መኪናው ከፋብሪካ የወጣበት ዓይነት፣ ታፔቱ ጠፍጣፋ የሆነው ከሆነ ግን፣ የካሙ ጉብታና ታፔቱ የሚላመዱት በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ነው። ካልተላመዱ ጉብታው ይበላል፣ የተበላው ብረት ደቃቅ ሆኖ ከዘይቱ ጋር ይዞራል፣ ብሮንዚናው ውስጥ ይገባል። የወራት ድካምህ አፈር በላው ማለት ነው።

ስለዚህ ገና ስትገጣጥመው ካሙ ላይ ወፍራሙን የመገጣጠሚያ ቅባት ቀብተህ መሆን አለበት። ዘይቱ በቂ ዚንክና ፎስፈረስ ያለው፣ ለአዲስ ሞተር ማላመጃ ተብሎ የሚሸጠው ይሁን። የዛሬ የመኪና ዘይት እነዚህ የቀነሱበት የጭስ ማጣሪያውን ስለሚጎዱ ነው፣ ያንተ መኪና ደግሞ ያ ማጣሪያ የለውም። ከፊልትሮው ጋር 5 ኳርት ይወስዳል። ከዚያ ሞተሩን ሳታስነሳ ዘይቱን ላይ አድርሰው፦ በዲስትሪቢውተሩ ቀዳዳ የፓምፕ ማዞሪያውን ዘንግ አስገብተህ በድሪል ወደ ቀኝ ታዞረዋለህ። ረጅም ካቻቪቴ ቆርጦ የሚጠቀም አለ። በሼቭሮሌ ላይ ግን የዲስትሪቢውተሩ አካል ራሱ የዘይት መንገዱን ስለሚዘጋ፣ በባዶ ዘንግ ብቻ ካዞርክ የቀኙ ረድፍ ዘይት በደንብ አይደርሰውም። የዲስትሪቢውተር ቅርጽ ያለውን መሣሪያ ግዛ ወይ ተዋስ። ጓደኛህ ክራንኩን (ፒስተኖቹ የሚያዞሩትን ዋና ዘንግ) በቁልፍ ቀስ እያለ ያዙር፣ አንተ ድሪሉን ያዝ፣ በ16ቱም ሮከር (ቫልቭ መጫኛ) ላይ ዘይት ብቅ ሲል እስክታይ አታቁም።

ከዚያ ዲስትሪቢውተሩን ግጠም። የአንደኛውን ሲሊንደር ካንዴላ አውጥተህ ጣትህን ቀዳዳው ላይ አድርግ፤ ሞተሩ በእጅ ሲዞር አየሩ ጣትህን ገፍቶ ከወጣ በኋላ የፑሊው ምልክት ዜሮ ላይ ሲደርስ አቁመው። ዲስትሪቢውተሩ ውስጥ የሚዞረው ሮተር ያን ጊዜ የአንድ ቁጥርን ገመድ ማየት አለበት። ጣትህን ሳይገፋ ምልክቱ ዜሮ ላይ ከደረሰ ዲስትሪቢውተሩን በግማሽ ዙር አሳስተሃል፣ ሲነሳም በካርቡራተሩ በኩል እሳት ይተፋል። የእሳቱ ተራ 1-8-4-3-6-5-7-2 ነው። 5 እና 7 ጎን ለጎን ናቸው፣ የሚተኩሱትም ተከታትለው ነው፤ ገመዶቻቸው ተጣብቀው እንዳይሄዱ አራርቃቸው።

ስታስነሳ መኪናውን ከጋራዡ አፍ አውጣው። ውሃው ሙሉ ይሁን፣ ካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚን ይኑር፣ ራዲያተሩ ፊት ቬንትሌተር አቁም። ሞተሪኖ እየመታህ መቆየት የለብህም፣ በቶሎ መነሳት አለበት፤ ለዚህ ነው ከላይ ያለው ሁሉ አስቀድሞ የሚያልቀው። እንደተነሳ ወዲያው በደቂቃ ወደ 2,000 ዙር፣ ከዚያ እስከ 2,500 እያወጣህና እያወረድክ 20 ደቂቃ ያዘው። በሚኒሞ እንዳታሠራው፣ ድምፁን ልስማው ብለህም እንዳታወርደው። ካሙ ዘይት የሚያገኘው ክራንኩ ሲወረውርለት ነው፤ ዙሩ ሲወርድ የሚደርሰው ዘይት ያንሳል። ማርሚታው ይጨሳል፣ አዲሱ ቀለም ይሸታል፣ ይህ አያስደንግጥህ። የዘይት ግፊቱ ከወደቀ ወይም ሙቀቱ ከልክ ካለፈ ግን ያኔውኑ አጥፋ፤ ችግሩን አስተካክልና የቀረውን ደቂቃ ጨርስ። ቫልቮቹ ላይ ጠንካራ ድርብ ስፕሪንግ ካለው ለማላመጃው የውስጡን አውጥተህ ብታቆየው ለካሙ ይሻለዋል።

20ው ደቂቃ ሲያልቅ ዘይቱን በትኩሱ አውርድ፣ ፊልትሮውንም ቀይር። አሮጌውን ፊልትሮ ቆርጠህ ወረቀቱን በብርሃን ዘርግተህ እየው። ትንሽ ጥቁር ቅባት ችግር የለውም። የሚያብረቀርቅ ብረት በብዛት ካየህ መኪናውን አታንቀሳቅሰው፣ ካሙን ክፈት። ሁሉም ደህና ከሆነ አውጣና ንዳው፤ ፋሻው የሚቀመጠው በጭነት ነው፣ ጋዝ ሰጥተህ መልሰህ እየለቀቅክ። ኦሮራ ከ1,600 ሜትር ከፍታ በላይ ስለሆነች አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ ካርቡራተሩ ከሳጥኑ እንደወጣ ከሆነ ቤንዚን ሊያበዛ ይችላል፣ ካንዴላዎቹ ከጠቆሩ ቤንዚኑ የሚያልፍበትን ጄት አንድ ሁለት ቁጥር ዝቅ አድርገው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ጡረተኛ ነኝ፣ አዲስ አበባ ነው የምኖረው። 1300 ቮልሴ ሞተሯ ታድሶ ገባ። ድሮ እንጦጦን ያለ ችግር ትወጣ ነበር። ከታደሰች ወዲህ ግን ዳገት ላይ በጣም ትግላለች፣ ጉልበቷም ይከዳታል። የሠራት ባለሙያ አዲስ ስለሆነች ነው፣ ትለምዳለች ይለኛል። ምን ትላለህ?

መልስ፦ ጋሼ፣ አዲስ ሞተር መጀመሪያ ላይ ትንሽ ሞቅ ይላል፣ ጉልበት እስኪከዳት መጋል ግን የመልመድ ጉዳይ አይደለም። ቮልስ ውሃ የላትም፣ የምትቀዘቅዘው በአየር ነው። ስለዚህ የኋላውን ክዳን ይክፈቱና ሞተሩ ዙሪያ ያሉትን ቆርቆሮዎች ይዩ። ሁሉም በቦታቸው አሉ? ቆርቆሮውና ቦዲው በሚገናኙበት ጠርዝ ላይ ዙሪያውን የሚዞረው ጥቁር ጎማስ አለ? ሞተር ሲወርድና ሲገባ ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ይኸው ነው። ያለ እነሱም ሞተሩ ስለሚነሳ ትርፍ ነገር ይመስላሉ፤ ነገር ግን ከላይ ያለውን ቀዝቃዛ አየር ከታች ካለው ከማርሚታው ሙቀት የሚለዩት እነሱ ናቸው። አንዱ ከጎደለ ፋኑ የገዛ ራሱን ትኩስ አየር መልሶ ይስባል። እጅዎን ክፍተቱ ጋ ጠጋ ቢያደርጉ ሙቀቱ ሽቅብ ሲመጣ ይሰማዎታል።

ቀጥሎ ቺንጋውን በአውራ ጣትዎ መሃሉ ላይ ይጫኑት፣ ከአንድ ሳንቲ ተኩል ብዙ መርገብ የለበትም። ቫልቩ ሞተሩ ፍጹም በቀዘቀዘበት፣ ጠዋት ላይ፣ 0.15 ሚሊ ሜትር ተደርጎ ይስተካከል፤ አዲስ ሞተር ላይ ደግሞ ቶሎ ስለሚለወጥ ከጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር በኋላ እንደገና ይታይ። ዘይቷ 2.5 ሊትር ብቻ ነው፣ ያው ዘይት ማቀዝቀዣዋም ስለሆነ መጉደል የለበትም። ሦስተኛው ሲሊንደር ከሌሎቹ የበለጠ የሚግል ነው፣ ስለዚህ ባለሙያው የእሳት ሰዓቱን አስቀድሞት እንደሆነም በመብራት ይለካልዎት። እስኪስተካከል ድረስ እባክዎ ዳገት አይውጡባት።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። ባለቤቴ እዚህ ሜሪላንድ የድሮ መስታንጉን ሞተር ጋራዣችን ውስጥ ሊያስገባ ተዘጋጅቷል። ሁለት ትንንሽ ልጆች አሉን። እኔ ስለ መኪና ምንም አላውቅም፣ ግን ፈራሁ። ምን ልበለው?

መልስ፦ እህቴ፣ መፍራትሽ ልክ ነው። ሥራው መሠራት የሚችል ነው፣ ሦስት ነገር ላይ ግን እንዳትለሳለሺ። ሞተሩ ተንጠልጥሎ እያለ እጅም እግርም ከሥሩ አይግባ፤ መኪናው ሥር ከተገባ ደግሞ ካቫሌቶ (የብረት መቆሚያ) ላይ ይቁም እንጂ በክሪክ ብቻ አይሁን። ሞተሩ የሚነሳ ቀን መኪናው ውጭ ይሁን። የጋራዡን በር መክፈት ብቻውን አይበቃም፣ የቤንዚን ጭስ ሽታ የሌለው መርዝ (ካርቦን ሞኖክሳይድ) ስላለበት ከጋራዡ ወደ ቤት በሚያስገባው በር ይገባል። መርዙን የሚለይ ማንቂያ ከሌላችሁ ዛሬውኑ ግዙ፣ መኝታ ቤቶቹ አጠገብ ስቀሉት። ሦስተኛው እሳት ነው። የቤንዚን እሳት በውሃ አይጠፋም፤ ለቤንዚንና ለኤሌክትሪክ የሚሆነውን የዱቄት ማጥፊያ ግዙና መጀመሪያ ሲያስነሳው አንድ ትልቅ ሰው በእጁ ይዞ ራቅ ብሎ ይቁም። ልጆቹን ያን ቀን ዘመድ ቤት አድርሻቸው።