አማቴ ወይስ ባለቤቴ?

ጥያቄ፦ «ዘ ኬኔዲስ» የተባለውን፣ ስለ አሜሪካው ፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲና ቤተሰቡ የተሠራውን ድራማ ማታ ማታ ከአማቴ ጋር እናያለን። ቡናውን እየቀዱ «ጃንሆይ እኮ የኬኔዲ ቀብር ላይ ነበሩ» ቢሉ፣ ባለቤቴ ተረት ነው ብሎ ሳቀባቸው። ማን ይረታል? አባትየውስ እውነት ሥልጣኑን ያሰበው ለትልቁ ልጅ ነበር? (ከቁስቋም፣ ጎንደር)

መልስ፦ ባለቤትዎ ይቅርታ ይጠይቅ። ጃንሆይ በኅዳር 1956 ዓ.ም. ዋሽንግተን ላይ እንደ ፈረንሳዩ ደጎል ሁሉ አስከሬኑን በእግራቸው ሸኝተዋል። ኬኔዲ ባቡር ጣቢያ ድረስ ወጥቶ ከተቀበላቸው ሁለት ወር እንኳ አልሞላም። ፒያሳ አያቴ ቤት፣ ከሥላሴ ሥዕል ሥር፣ ሁለቱ ጎን ለጎን ያሉበት ከጋዜጣ የተቆረጠ ፎቶ ነበር፤ የጀበናው ጭስ የኬኔዲን ፊት አጥቁሮት የጃንሆይ ካባ ብቻ ይለያል።

አባትየውን በተመለከተ ድራማው አልዋሸም። ለምንትዋብ ጎረቤት የዙፋን ነገር ማስረዳት ድፍረት ቢሆንብኝም፣ የጆሴፍ ኬኔዲ ተስፋ በኩሩ ጆ ነበር። እሱ እ.ኤ.አ. በ1944 በጦር አውሮፕላን ፍንዳታ ሲሞት ሸክሙ ወደ ጆን ዞረ። በር ተዘግቶ የሚባባሉትን ግን እንዳያምኑ፤ የደራሲ ፈጠራ ነው። ሂስትሪ ቻናል እንኳ ራሱ ያሠራውን ድራማ እ.ኤ.አ. በ2011 ለጣቢያዬ አይስማማም ብሎ ትቶታል፤ ያሳየው ሌላ ጣቢያ ነው።