ሴክተራችሁ ሞልቷል ወይስ አልሞላም? ስለ ገመድ አልባ ኢንተርኔት አቅም ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። ሚኒሶታ ውስጥ ከታወር ወደ ቤት በሬዲዮ ኢንተርኔት የሚያዳርስ ትንሽ ድርጅት ውስጥ ነው የምሠራው። የመሣሪያዎቹን አቅም መከታተል የዕለት ሥራዬ ነው። ሴክተር የምለው ታወሩ ላይ ሆኖ አንዱን አቅጣጫ የሚያገለግለውን አንቴናና ሬዲዮ ነው። ዛሬ ማታ የቻልኩትን ያህል እመልሳለሁ። አንድ አደራ ብቻ፦ የመሣሪያውን ሞዴል፣ ሲግናሉንና ችግሩ የሚታይበትን ሰዓት ሳትጽፉ አትጠይቁ።

ታወር ወጪ፦ ጋሼ፣ ሴክተሩ እስከ 150 ሜጋቢት ይችላል ተብሎ ነው የተገዛው። ግራፉ ማታ ማታ 60 ላይ ነው። ደንበኞቹ ግን ቪዲዮ ይቆማል እያሉ ይደውላሉ። 22 ናቸው። ምን አጥፍቼ ነው?

መልስ፦ የምታየው ሜጋቢቱን ነው። ሴክተር ግን የሚሞላው በጊዜ ነው። እንደ አንተ ያለው ሬዲዮ በአንድ ቅጽበት የሚያወራው ከአንድ ደንበኛ ጋር ነው። ሌላው ተራውን ይጠብቃል። ሲግናሉ ጥሩ የሆነ ደንበኛ 256 ኳም በተባለ የአላላክ ዘዴ ያወራል፤ በአንድ ምልክት 8 ቢት ይጭናል። ሲግናሉ የደከመው ወደ ኪውፒኤስኬ ዘዴ ወርዶ 2 ቢት ብቻ ይጭናል። ያንኑ ቪዲዮ ለማየት ቢያንስ አራት እጥፍ የአየር ጊዜ ይበላል ማለት ነው። ስለዚህ 60 ሜጋቢት እያሳየ ሙሉ ለሙሉ የተያዘ ሴክተር ሊኖር ይችላል። ያንተም እንደዚያ ይመስለኛል።

አንድ ሴክተር ነበረን። በብርዱ ወራት ደህና ነው፣ በየዓመቱ ግንቦት ላይ ይታመማል። ደንበኛ አልጨመረም። ሜጋቢቱ እንዲያውም ቀንሷል። አለቃዬ ተጨማሪ ሴክተር እንግዛ አለ። እኔ የእያንዳንዱን ደንበኛ ኤርታይም (የአየር ጊዜ) ለየብቻ አወጣሁ። ሁለት ቤቶች ብቻቸውን ግማሽ ያህሉን ይዘውታል። ሄጄ ሳይ ከሁለቱም ፊት ዛፍ አለ። ቅጠሉ ሲወጣ ሲግናሉ ይወድቃል። አንቴናዎቹን ወደ ጣሪያው ሌላኛ ጫፍ አዛወርናቸው፤ ሴክተሩ ዳነ። አገር ቤት ያላችሁም አስቡበት። ባህር ዛፍ ቅጠሉን አያራግፍም፣ ግን ያድጋል። ዘንድሮ ከአናቱ በላይ ያለፈ ሲግናል ከሁለት ዓመት በኋላ ቅጠሉ ውስጥ ይገባል።

አሁኑኑ የደንበኞችህን ዝርዝር ክፈትና በኤርታይም ደርድረው።

አቤል22፦ ኔት በጣም ይዘገያል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ሞዴል? ሲግናል? ሰዓት?

ጀማሪዋ፦ ግራፌ ወደ 114 ሜጋቢት ሲጠጋ ድንገት ቁልቁል ይወርድና እንደገና ከታች ይጀምራል። ሁልጊዜ እዚያው ላይ ነው። በየ5 ደቂቃው ነው የማነበው፣ ከመሣሪያው ቁጥር በሚያነበው ፕሮቶኮል፣ በኤስኤንኤምፒ ቨርዥን 1።

መልስ፦ ጎበዝ፣ ጥያቄ እንዲህ ነው የሚጠየቀው። መስመሩ ደህና ነው፤ የተሳሳተው ቆጣሪሽ ነው። ባለ 32 ቢት ቆጣሪ 4.29 ቢሊዮን ባይት ሲደርስ ወደ ዜሮ ይመለሳል። በ100 ሜጋቢት ፍጥነት ስድስት ደቂቃ ሳይሞላው ይዞራል። በሁለት ንባብ መካከል፣ ማለትም በ5 ደቂቃ ውስጥ፣ አንድ ሙሉ ዙር ከጨረሰ ፕሮግራሙ ዙሩን አያየውም። ልኩ ወደ 114.5 ሜጋቢት ነው፤ ያየሽውም እሱን ነው። ወደ ባለ 64 ቢት ቆጣሪ ቀይሪ። ቨርዥን 1 ይህን ቆጣሪ አያውቀውም፣ ስለዚህ 2ሲ ወይም 3 ይሁን። የይለፍ ቃሉንም “ፐብሊክ” ብለሽ አትተዪው። ማንም ገብቶ ያነበዋል።

ሰንዳፋ፦ የእኔ ደግሞ 94 ላይ ጠፍጣፋ ሆኖ ይቀራል። ያው የቆጣሪ ችግር ነው?

መልስ፦ አይደለም። ቆጣሪ ሲዞር ግራፉ ይወድቃል። ያንተ ጣሪያ ነክቶ ነው የቆመው። በኬብሉ ሁለት ጫፍ ያሉት መሣሪያዎች በ100 ሜጋቢት ተስማምተዋል። ጊጋቢት አራቱንም ጥንድ ሽቦ ይፈልጋል፣ 100 በሁለት ጥንድ ይሄዳል። ጫፉን ቁረጥና እንደገና አስረው።

ማይክሮቲክ አፍቃሪ፦ ታወር ወጪ፣ አትድከም። ቻናሉን ከ20 ወደ 40 ሜጋኸርዝ አስፋው፣ አቅምህ እጥፍ ይሆናል።

ሰንዳፋ፦ አይሆንም። ስታሰፋው ኖይዙም (የሬዲዮ ጫጫታው) በ3 ዲቢ፣ ማለትም በእጥፍ፣ ይጨምራል። የደከሙት ደንበኞች ጭራሽ ይወድቃሉ።

ማይክሮቲክ አፍቃሪ፦ እኔ አስፍቼ ሠርቶልኛል።

ሰንዳፋ፦ ገጠር ነዋ ያለኸው! አዲስ አበባ ላይ 5 ጊጋኸርዝ ሞክረው እስቲ።

መልስ፦ ሁለታችሁም ቆዩ። ሰንዳፋ ልክ ነው። ማስፋት የሚጠቅመው ሲግናሉ ሲተርፍና ጎረቤት ቻናሉ ባዶ ሲሆን ነው። መጀመሪያ ስካን አድርጉ፣ ማን በየትኛው ቻናል እንዳለ እዩ፣ ማታ በጭንቅንቁ ሰዓት። ጠዋት የተደረገ ስካን ምንም አይነግራችሁም።

ኔትዎርክ ክፍል፦ ተጠቃሚዎቼ ማታ 2 ሰዓት ላይ ይጨናነቃል ይላሉ። ግራፉ ግን ጫፉን 17፡00 ላይ ነው የሚያሳየው። የማይገናኝ ነገር ሆነብኝ።

መልስ፦ ይገናኛል። መሣሪያህ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መለኪያ) ሰዓት ነው ያለው። 3 ሰዓት ጨምርበት፣ 20፡00 ይሆናል። ያ የእኛ ማታ 2 ሰዓት ነው። ሁሉንም ሬዲዮ በኤንቲፒ (ሰዓትን በኔትዎርክ በሚያስተካክለው ፕሮቶኮል) አስተካክል። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ሰዓታቸውን የሚረሱ አሉ፤ ያኔ ግራፉን ከደንበኛው ቅሬታ ጋር ማዛመድ አትችልም።

ሜሪላንድ፦ ለቤት የ5ጂ ኢንተርኔት የትኛው ኩባንያ ይሻላል?

መልስ፦ በዚያ ምክር አልሰጥም። ራውተሩን መስኮት አጠገብ አድርጊው።

አቤል22፦ ሞዴሉን አላውቀውም፣ ነጭ ነው። ይዘገያል ብቻ።

መልስ፦ አቤል፣ በነጭነቱ ልረዳህ አልችልም። ከጀርባው ወይም ከሥሩ ስሙ ተጽፏል። አንብበህ ተመለስ፣ እጠብቅሃለሁ።

ጀማሪዋ፦ ለመከታተያ ፕሮግራም ዛቢክስ ወይስ ሊብሬኤንኤምኤስ?

መልስ፦ የለመድሽውን። ግን የቆዩ ቁጥሮችን በአማካይ ብቻ እንዳያስቀምጥ ተጠንቀቂ። የትናንቱ 90 በመቶ በዓመቱ ግራፍ ላይ 40 ሆኖ ይታይሻል። ከፍተኛውንም ለብቻ አስቀምጪ። “ፐብሊክ” የሚለውንም ቀየርሽው?

ጀማሪዋ፦ ቀይሬያለሁ።

ኔትዎርክ ክፍል፦ ስንት ሜጋቢት ሲደርስ ነው ሌላ ሴክተር የሚገዛው?

መልስ፦ አሁንም ሜጋቢት! ከላይ ያለውን አንብቡልኝ፣ አደራ። ኤርታይሙን እዩ። የእኔ ልማድ እንዲህ ነው፦ በጭንቅንቁ ሰዓት ለተከታታይ ሳምንታት 70 በመቶ ካለፈ ማቀድ እጀምራለሁ። ፒንግንም (ምላሽ የሚፈጀውን ጊዜ) አብሬ አያለሁ። ቀን 10 ሚሊሰከንድ የነበረ ማታ 150 ከሆነ ወረፋው ረዝሟል። ከመግዛቴ በፊት ግን የደከሙትን ደንበኞች አስተካክላለሁ።

ታወር ወጪ፦ ጋሼ፣ ደረደርኩት። አንዱ ደንበኛ ሲግናሉ ከዜሮ በታች 81 ዲቢኤም ነው። ብቻውን 38 በመቶ ይዟል።

መልስ፦ አገኘኸው። ነገ በቀን ብርሃን ጣሪያው ላይ ውጣ፣ ቀበቶህን እሰር፣ ብቻህን አትሂድ። ከአንቴናው ፊት ያለውን ፎቶ አንሳና ላክልኝ።